ባሕር ያልተሻገረው ምጣድ

አክስቴ ከሜሪላንድ ስትደውል የምትጠይቀው ነገር አይለዋወጥም፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮሰረት፣ ለፋሲካ ደግሞ ነጠላ። ባለፈው ዓመት ግን ሌላ ነገር አመጣች።

«አንተ ኤሌክትሪክ ነው የተማርከው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ የምሠራው ግን ሶፍትዌር ነው።»

«ያው ነው። እዛው ቃሊቲ ምጣድ አሠርተህ በሰው ላክልኝ። እንደ እናትህ ያለ፣ ትልቁን። የእዚህ ምጣድ የሚያወጣው እንጀራ ቂጣ ነው የሚያህለው። እንግዳ ሲመጣ ስንቱን ደርድሬ እችለዋለሁ?»

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምጣድ የሚሠሩትን ሰው አውቃቸዋለሁ። ከቃሊቲ ቶታል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሸክላ ሲቦረቡሩ፣ ሽቦ ሲጠቀልሉ ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ሄጄ ጉዳዩን ነገርኳቸው። ምንም አልገረማቸውም።

«ችግር የለም» አሉኝ። «ያቺን አንተ የሠራህልንን ስቲከር እንለጥፍባታለን። ከዛ በኋላ አሜሪካም ብትሆን ማን ይከለክላታል?»

ያቺ ስቲከር! ረስቻት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ጋሼ ምጣዳቸው ላይ የሚለጠፍ ነገር በኮምፒውተር እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ስማቸውን፣ ስልካቸውን፣ «220 ቮልት፣ 3500 ዋት» የሚል ጽሑፍ አደረግሁበት። ከዚያ አንድ የቻይና ውኃ ማፍያ ገልብጠው ከሥሩ ያለችውን ምልክት አሳዩኝ። ሲ እና ኢ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት። «ይቺንም አስገባት፤ ሰው ያምናል» አሉ። ከኢንተርኔት አውርጄ አስገባሁ። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። 300 ብር ተከፈለኝ። በዚያው ሴሚስተር ስለ ኤሌክትሪክ መሬት ማያያዣና ስለ ሰው ልጅ ሰውነት የመቋቋም አቅም እየተማርኩ ፈተና እፈተን ነበር። ሁለቱ ነገሮች እንደሚገናኙ ግን ትዝ አላለኝም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ስቲከር ነው። ሁለቱ ፊደላት ከየት መጡ? እንዲህ ያለ ምልክት እንዲኖር ያስገደደው ማን ነበር? እኛ ጋስ ለምን በሃያ ደቂቃ የሚሠራ ጌጥ ሆነ?

*

በመጀመሪያ ሒሳቡን ሠራሁ። እውነቱን ለመናገር ለአክስቴ «አይሆንም» ለማለት ምክንያት እየፈለግሁ ነበር።

እኛ አገር ከሶኬት የሚወጣው 220 ቮልት ነው። የቤት ምጣድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ የሚወስደው ኃይል ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይደርሳል። 3500ን ለ220 ብናካፍል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ይህ አንድ ጤነኛ ሶኬት ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ጠቁሮ የምናየው ለዚህ ነው።

የአሜሪካ ተራ ሶኬት ደግሞ 120 ቮልት ነው። የጋሼ ምጣድ እዚያ ቢሰካ ሽቦው ያው ሽቦ ስለሆነ ኃይሉ በቮልቱ ካሬ ልክ ይወርዳል። 3500 ዋት የነበረው 1040 ገደማ ይሆናል፤ ሲሶውም አይሞላም። ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ምጣዱ ላይ ይተኛል። የዚህን ተቃራኒ ብዙዎቻችን አይተነዋል። ከአሜሪካ በስጦታ የመጣ የፀጉር መተኮሻ እዚህ ሲሰካ ከተሠራለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይገባበትና አንዴ ጨሶ ያበቃለታል።

ይህ የቮልት ልዩነት የመቶ ዓመት ታሪክ አለው። አሜሪካ የኤዲሰንን 110 ቮልት ይዛ ቀረች፤ ብዙ አምፖል ከተሰቀለ በኋላ መቀየር ከባድ ነበር። አውሮፓ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ፣ ከበርሊን ጀምሮ፣ ወደ 220 ሄደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቮልቱ በእጥፍ ሲጨምር በዚያው መዳብ ብዙ ኃይል ማሳለፍ ይቻላል። እኛ መብራቱን ከአውሮፓ ስለወሰድን ቮልቱንም ከአውሮፓ ወሰድን። ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። የቆዩ የሰፈር ኤሌክትሪሺያኖች ዛሬም ፊውዙን «ቫልቮላ»፣ የሚሰካውን ጫፍ «ስፒና» ይሉታል፤ ሁለቱም ጣልያንኛ ናቸው።

«እሺ፣ ለ120 ቮልት ተብሎ ቢሠራስ?» ብዬ ቀጠልኩ። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 15 አምፔር ነው የሚሸከመው። በ120 ቢባዛ 1800 ዋት፤ ከዚያ በላይ የለም። የእናቴ ምጣድ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያፈስሰውን ሙቀት ሳልቀንስ በ1800 ዋት ምን ያህል ስፋት ማብሰል እንደሚቻል አሰላሁ። መልሱ 43 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

ወዲያው ለአክስቴ ደወልኩ። «ያንቺ ምጣድ ስፋቱ ስንት ነው?»

ለካችው። «አሥራ ስድስት ኢንች» አለች። 40 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው።

የአክስቴ ምጣድ መጀመሪያውኑ ለእንጀራ የተሠራ አይደለም። ክሬስኮ በምትባል የአዮዋ ትንሽ ከተማ ያለ ቤታኒ የሚባል ፋብሪካ የሚሠራው «ሄሪቴጅ ግሪል» ነው። የተሠራው ለሌፍሳ ነው። ሌፍሳ ከኖርዌይ ወደ አዮዋና ሚኒሶታ የፈለሱ ሰዎች ከድንችና ከዱቄት የሚጋግሩት ስስ ቂጣ ነው። እነሱም እንደኛው ከአገራቸው የሄዱት ምጣዳቸውን በልባቸው ይዘው ነው ማለት ነው። ከዚያ ሐበሻው መጣና ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ በደንብ የሚግል ነገር ሲያጣ የኖርዌጂያኑን አገኘ። በኋላ «ዋስ»ን የመሰሉ በቀጥታ ለእንጀራ የታሰቡ ዲጂታል ምጣዶች ሲመጡም ከዚያ ልክ ብዙም አልራቁም። ሊርቁም አይችሉም። አሜሪካ የሚጋገረውን እንጀራ ያሳነሰው የጤፉ እጥረት ወይም የጋጋሪዋ እጅ አይደለም። የግድግዳው ሶኬት ነው።

አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምታ አልተረታችም። «ለልብስ ማድረቂያው የሚሆን ትልቅ ሶኬት አለ፤ እሱ ላይ 240 ነው ብሎኛል ባለቤቴ» አለች። ልክ ነው፤ አለ። እዚያ ላይ የጋሼ ምጣድ ይግላል። በእርግጥ የሚቀረው ጥያቄ ከፊዚክስ ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት ገባ። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ ማን ይከፍላል?

*

እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ውስጥ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ዓለም ያን ያህል የኤሌክትሪክ መብራት በአንድ ቦታ አይቶ አያውቅም ነበር። ለኤሌክትሪክ ብቻ የተሠራ አንድ ሙሉ ሕንፃ ነበር። ሕንፃዎቹ ግን አብዛኞቹ ከእንጨትና ከጀሶ የቆሙ፣ ለጥቂት ወራት ተብለው የተሠሩ ነበሩ። በእንጨትና በጀሶ ውስጥ ያን ሁሉ ሽቦ መዘርጋት ምን ማለት እንደሆነ የመድን ድርጅቶቹ ገባቸው። ቢቃጠል የሚከፍሉት እነሱ ናቸውና።

ዊልያም ሄንሪ ሜሪል የሚባል የሃያ አምስት ዓመት ወጣት መሐንዲስ ሽቦውን እንዲመረምር ላኩት። ሜሪል ከምርመራው አንድ ነገር ተረዳ። እያንዳንዱን ሕንፃ እየዞሩ ማየት ማለቂያ የለውም፤ ዕቃው ገና ገበያ ሳይወጣ መፈተን አለበት። በ1894 በመድን ድርጅቶች ድጋፍ አንዲት ትንሽ የመፈተኛ ክፍል ከፈተ። ያቺ ክፍል ናት ዛሬ ዩ ኤል ተብላ የምትታወቀው። ሙሉ ስሟ «የመድን ሰጪዎች ላቦራቶሪ» እንደ ማለት ነው።

ስሙ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ድርጅቱ የመንግሥት አልነበረም። የመሐንዲሶች ማኅበርም አልመሠረተውም። ያቋቋሙት እሳት በተነሣ ቁጥር ኪሳቸው የሚጎዳ ሰዎች ናቸው። ዛሬም ቢሆን አንድ ሰው የቤት ዕቃ አሜሪካ ውስጥ ለመሸጥ የግድ ዩ ኤል ይኑረው የሚል አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ የለም። ግን ትልልቆቹ መደብሮች ያለ እውቅ ምልክት አይረከቡም። የከተማው የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪ ያስቸግራል፤ መድን ድርጅቱም ይጠይቃል። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ሳይኖር በሩ ይዘጋል።

ምልክቱን ማግኘት ደግሞ አንድ ጊዜ ተፈትኖ ማለፍ ብቻ አይደለም። ተቆጣጣሪ በዓመት ውስጥ እየተመላለሰ፣ ብዙ ጊዜም ሳይነግር፣ ፋብሪካው ድረስ ይመጣል። ዛሬ የሚወጣው ዕቃ ያኔ ከተፈተነው ጋር አንድ መሆኑን ያያል። ሽቦው ያው ነው? ብሎኑ ያው ነው? ምልክቱ የሚመሰክረው ሺኛው ዕቃ እንደ መጀመሪያው መሆኑን ነው።

ይህን ሳነብ ጋሼ ትዝ አሉኝ። የጋሼ ምጣዶች አንዱ ከሌላው ይለያል። አንዱ ሸክላ ወፍራም ነው፣ አንዱ ስስ። የአንዱ ሽቦ ሠላሳ ዙር፣ የሌላው ሠላሳ ሁለት። እሳቸው በእጃቸው መዝነው፣ በዓይናቸው አይተው ነው የሚያስተካክሉት። ጥሩ ምጣድ ነው የሚሠሩት፤ የእናቴም የሳቸው ሥራ ነው። ግን ጥሩነቱ ያለው እጃቸው ላይ እንጂ ወረቀት ላይ አይደለም። የውጭ ገበያ ደግሞ እጅ አይቀበልም፤ ወረቀት ነው የሚቀበለው።

*

አሁን ወደ ሁለቱ ፊደላት እንምጣ። ሲ ኢ የአውሮፓ ነው፤ ታሪኩም ከአሜሪካው ይለያል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ አንድ ገበያ ልትሆን ስትሞክር እያንዳንዱ አገር የራሱ መፈተኛና የራሱ ምልክት ነበረው። የጀርመን ዕቃ ፈረንሳይ ሲገባ እንደገና ይፈተናል፤ የጣልያኑም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ የጋራ መመሪያ ወጣ። ከ50 እስከ 1000 ቮልት በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ሰውን፣ የቤት እንስሳንና ንብረትን የማይጎዳ ከሆነ በአባል አገሮቹ ሁሉ በነፃነት ይሸጣል የሚል ነው። ሲ ኢ የተባለው ምልክት በዚህ መመሪያ ሥር ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች የመጣው በ1993 ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ አለ፤ እኔም አላውቅም ነበር። ለምጣድ ዓይነት ተራ የቤት ዕቃ ሲ ኢን የሚለጥፈው ራሱ አምራቹ ነው። ማኅተም የሚመታ ቢሮ የለም። አምራቹ ዕቃውን በደረጃው መሠረት ይፈትናል ወይም ያስፈትናል፤ ውጤቱን፣ ንድፉንና የአደጋ ግምቱን በፋይል ያስቀምጣል፤ «ደረጃውን ያሟላል፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ብሎ ፈርሞ ይለጥፋል። ተቆጣጣሪ በጠየቀው ቀን ፋይሉን ማውጣት አለበት። ከአውሮፓ ውጭ የሚመረት ከሆነ አስመጪውም ተጠያቂ ነው።

እንግዲህ ሲ ኢ ምስክር ወረቀት ከመሆኑ በፊት ቃል ነው ማለት ነው። በእኛ አነጋገር ዋስ መሆን ነው። ከጀርባው ፋይልና ፊርማ ከሌለ ግን ሁለት ፊደል ብቻ ነው። መርካቶ ውስጥ «ፊደሎቹ ተጠጋግተው ከተጻፉ ቻይና ኤክስፖርት ማለት ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ የተመዘገበ ምልክት የለም። ወሬው የሚጣፍጠው ጥፋቱን ወደ ቻይና ስለሚወስድልን ይመስለኛል። የእኔ ስቲከር ላይ ፊደሎቹ በትክክለኛው ርቀት ነበር የተቀመጡት። ውሸቱ ግን ያው ውሸት ነው፤ ያውም ቃሊቲ የተሠራ።

*

ደረጃው ምን ይጠይቃል? ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተ ነው። የቤት ዕቃዎች ደህንነት ደረጃው ቁጥር 60335 ይባላል፤ በውስጡ መጥበሻና መጋገሪያ ለሆኑ ዕቃዎች የተለየ ክፍል አለው። አውሮፓ ብትል፣ ቻይና ብትል፣ ሌሎች ብዙ አገሮች ብትል የሚመነዝሩት ይህንኑ ነው።

ምጣዳችንን በዚህ ደረጃ ዓይን እንየው። ከላይ ሸክላ፤ ከሸክላው ሥር ዙሪያውን የተቦረቦረ ቦይ፤ በቦዩ ውስጥ የተጠቀለለ የማሞቂያ ሽቦ፤ ሽቦውን የሚሸፍን ጀሶ፤ ከዚያ ቆርቆሮ።

ፈታኙ መጀመሪያ የሚያየው ቆርቆሮውን ነው። እጅ የሚነካው ብረት ሁሉ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት፤ ከቆርቆሮው እስከ ዕቃው የመሬት ማያያዣ ያለው መንገድ ተቃውሞ ከ0.1 ኦም መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ የሚያመልጠውን ኤሌክትሪክ ይለካል። ዕቃው ግሎ እየሠራ ወደ ብረቱ የሚያመልጠው ከጥቂት ሚሊ አምፔር እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ሰው 1 ሚሊ አምፔር ሲደርስ መንዘር ይሰማዋል፤ ዘመናዊ ቤት ውስጥ የሚገባው ጠባቂ ብሬከር በ30 ሚሊ አምፔር መብራት የሚቆርጠው ከዚያ በላይ ለልብ ስለሚያሰጋ ነው። በመጨረሻ ዕቃው ጥቁር በተቀባ የእንጨት ማዕዘን ውስጥ ገብቶ ይለኮሳል። ጋጋሪዋ ረስታው ብትሄድ ግድግዳው ምን ያህል ይግላል? እሱ ይለካል።

የምጣዳችን ደካማ ጎን ጀሶው ላይ ነው። ጀሶ ውኃ ይጠጣል፤ ሸክላም ይጠጣል። ክረምት ላይ ሳይጋገር የሰነበተ ምጣድ ወይም ሊጥ በስንጥቁ የገባበት ምጣድ፣ ሽቦውና ቆርቆሮው በእርጥበት ይገናኛሉ። እናቶቻችን «ዛሬ ነዘረኝ» የሚሉት ይኼንን ነው። «ካልሞቀ ይነዝራል፣ ሲሞቅ ይተዋል» የሚሉትም ሳይንሱ ልክ ነው፤ ሲግል ጀሶው ይደርቃል። ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ የምትጋግረው የላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ ጣውላ ላይ ቆማ ነው። ማንም አላስተማራትም፤ ከእናቷም አልወረሰችውም፣ እናቷ በእንጨት ነበር የምትጋግረው። ራሷ ተነዝራ፣ ራሷ ፈትና የደረሰችበት ደረጃ ነው።

*

አቃቂ ቃሊቲ ለኤሌክትሪክ እንግዳ አይደለችም። ከአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል የተሠራው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ አቃቂ ወንዝ ላይ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ቆሞ በ2016 በቻይናውያን ታድሶ እንደገና ሥራ ጀመረ። ያ ሁሉ ተርባይን በሙሉ ኃይሉ ቢዞር ባንድ ጊዜ የሚያግላቸው የእናቴን ዓይነት ምጣዶች 1900 አይሞሉም። አንድ መለስተኛ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ቅዳሜ ጠዋት ይጨርሰዋል። ቆቃ በ1960 43 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመጣ ነው ከተማው ትንሽ የተነፈሰው። በመካከሉ፣ በ1956፣ የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው እሱን ነው።

መብራት ኃይል ግን ኃላፊነቱ እስከ ቆጣሪው ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ሽቦ፣ ሶኬትና ምጣድ የባለቤቱ ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው የኤሌክትሪክ ምጣድ ያደገው። ለሺህ ዓመት ሸክላውን የሠሩ እጆች አሉ፤ ሽቦውን የሚጠቀልሉ አዳዲስ እጆች መጡ፤ ሁለቱ ተገናኝተው ፋብሪካ ያልሠራውን ነገር ሠሩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማንም የውጭ ድርጅት አስቦልን ያላመጣው፣ እኛው ለራሳችን የፈጠርነው የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ ስንት አለን?

የደረጃ መሥሪያ ቤትም አልጠፋም። ሥራው በዘውዱ ዘመን ማብቂያ ተጀመረ፤ ከብዙ የስም ለውጥ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሆነ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ለአራት ተከፈለ። አንዱ ደረጃ ያወጣል፤ አንዱ ይፈትናል፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት የሚባለው ማለት ነው፤ አንዱ የመለኪያዎቹን ልክ ይጠብቃል፤ አራተኛው ፈታኞቹን ራሳቸውን ይመዝናል። የተከፈለበት ምክንያት ጤነኛ ነው። ሕግ ያወጣው ራሱ ፈትኖ ራሱ ቢያሳልፍ ውጤቱን ሌላ አገር አያምነውም።

ተቋሙ አለ ማለት ነው። የጎደለው ምንድን ነው? ወደ ቺካጎ ልመለስ። ሜሪልን የላኩት ቢቃጠል የሚከፍሉ ሰዎች ነበሩ። እዚህ ምጣድ ሲነዝር የሚከፍለው ማነው? ሻጩ አይከፍልም፣ መድን የለም፣ ክስ የለም። የምትከፍለው ጋጋሪዋ ናት፤ እሷም ጣውላ አምጥታ ዝም ትላለች። ዝምታው ርካሽ ስለሆነ ምልክት የሚባል ነገር አልተወለደም። ምልክት የሚወለደው ጉዳቱ ወደ አንድ ሰው የሒሳብ መዝገብ ሲገባ ነው።

በቃሊቲ ጉምሩክ በኩል ሳልፍ የጭነት መኪናዎቹ ሰልፍ ያስገርመኛል። ከጅቡቲ የሚመጣው መንገድ በእኛ ሰፈር ነው የሚያልፈው፤ ባቡሩም በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አቃቂን አልፎ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አምፖል፣ ሽቦ፣ ሶኬት በዚህ በር ሲገባ ኖሯል። እዚህ የተሠራ ምጣድ ግን ለአክስቴ እንኳ የሚወጣበት መንገድ የለውም።

*

ለአክስቴ እውነቱን ነገርኳት። «በሰው ብልከው ይደርስሽ ይሆናል፤ ማድረቂያው ሶኬት ላይም ይሠራ ይሆናል። ግን ቤቱ አንድ ነገር ቢሆን መድኑ ላይከፍላችሁ ይችላል። አንቺንም ሊነዝርሽ ይችላል።»

ትንሽ ዝም አለች። «እናትህን ይነዝራታል እንዴ?»

«አልፎ አልፎ።»

«ታዲያ እሷ ጋ ያለውን ለምን አታስተካክለውም?»

መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቴስተር ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። አንድ ያለቀለት አዲስ ምጣድ ሰካንና ቴስተሯን ቆርቆሮው ላይ አስነካኋት። በራች። ጋሼ እንደኔ አልደነገጡም።

«አዲስ ነው፤ ጀሶው አልደረቀም። ሁለት ሦስቴ ሲጋገርበት ይተዋል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሦስተኛ ሽቦ ብናስገባለት፣ ኤርዝ፣ ቆርቆሮው ላይ ብናስረው…»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ገመዱ ውድ ነው። እኔ ብጨምር እዛ ማዶ ያለው አይጨምርም፤ ሰው ርካሹን ይገዛል። ደሞስ የሰው ቤት ሶኬት ኤርዝ አለው? ሦስተኛው ፒን ገብቶ ከማን ጋር ይገናኛል?»

ይህን ነው እንግዲህ በዩኒቨርሲቲ ያልተማርኩት። አንድ ሰው ብቻውን ደህንነትን ቢጨምር ገበያው ይቀጣዋል። ደረጃ አስገዳጅ የሚሆነው ክፉውን ሰው ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ደጉ ሰው ደግ በመሆኑ እንዳይከስር ነው። ምጣዱ ላይ ብቻ የሚቆምም አይደለም፤ ግድግዳው ውስጥ ካለው ሽቦ፣ ከቆጣሪው ሥር እስከሚቀበረው የመሬት ዘንግ ድረስ መሄድ አለበት።

በዚያ ቀን ቢያንስ ለእናቴ ቤት የሚሆነውን አደረግን። ጋሼ ምጣዷን ፈትተው ሦስት ሽቦ ያለው ወፍራም ገመድ አስገቡላት፤ አንድ ጓደኛዬ ግቢያችን ውስጥ የመሬት ዘንግ ቀበረ፤ ወጥ ቤቱ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ብሬከር ገባ። ከስቲከሩ ዋጋ ብዙ እጥፍ አወጣሁ።

ልሄድ ስል ጋሼን ስለ ስቲከሩ ጠየቅኋቸው። አንድ ሺህ ነበር ያሳተሙት። ከመሳቢያቸው አውጥተው የተረፈውን ሰጡኝ፤ ቆጠርኩት፣ ሰባ ሦስት ነው። አሁን ጠረጴዛዬ ውስጥ አለ። የቀረው ምጣዱ ላይ ተለጥፎ ሄዷል። ገላን ይሆናል፣ ቱሉ ዲምቱ ይሆናል፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይሆናል። ሁለቱ ፊደላት «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ማለት ከሆኑ፣ ከጀርባቸው ያለው ብቸኛ ስም የኔ ነው።

እናቴ ትናንት ጋግራለች። አይነዝርም አለችኝ። ጣውላው ላይ ግን እንደቆመች ነበር።